«ጌሚንግ» የተባለው ኮምፒውተር ለትምህርት ነው ለጨዋታ? ከመክፈላችሁ በፊት አንብቡት

ዛሬ እሁድ ስለሆነ የቡናም የጤፍም ዋጋ የለም፣ ነገ ጠዋት እንደተለመደው እንቀጥላለን። ዛሬ ከገበያችን ትንሽ ወጣ ብዬ ስለ ኮምፒውተር ዕቃ ልጽፍ ነው። ብዙዎቻችሁ ልጅ ታስተምራላችሁ፣ ስለዚህ አይጠቅመንም የምትሉ አይመስለኝም።

ባለፈው ሳምንት ከጅማ አካባቢ ለዓመታት ቡና ሲያቀብሉን የኖሩ አንድ አባት ደወሉልኝ። ልጃቸው አዲስ አበባ አክስቱ ቤት ሆኖ ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ይማራል፣ ሦስተኛ ዓመት ነው። ኮምፒውተር ልገጣጥም ብሎ የዕቃ ዝርዝር ልኮላቸዋል። ዝርዝሩ ላይ «ጌሚንግ» የሚል ቃል ሦስት ቦታ አለ። «የዘንድሮ ጀንፈሌን ሸጬ ለጨዋታ ልከፍል ነው እንዴ? አንተ ከተማ ነህ፣ እስቲ እየው» አሉኝ።

እኔ የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም፣ ደላላ ነኝ። ግን በዚህ ነገር አንድ ጊዜ ተበልቻለሁ። ከዓመታት በፊት ለታናሽ ወንድሜ ሁለተኛ እጅ ኮምፒውተር ስገዛ ሻጩ «አይ7 ነው» አለኝ። አይ7 ከአይ5 ይበልጣል ሲባል ሰምቻለሁ፣ ከፈልኩ። ቤት ሲደርስ አይ7 4790 ሆኖ ተገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ፣ 4 ኮር ብቻ ያለው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው አይ5 12400 6 ኮር አለው፣ ፍጥነቱም ይበልጣል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ የኔን በይፋ አይቀበለውም። ገዢን «ስሙን ተው፣ ናሙናውን እይ» የምለው ሰውዬ፣ ራሴ በስም ገዛሁ። ከዚያ ወዲህ ወንድሜ ነገሩን በደንብ ተማረ፣ እኔም ከሱ ተማርኩ። የልጁን ዝርዝር ሁለታችን ቁጭ ብለን አየነው።

መልሱን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ልጁ አልዋሸም፣ ሚዛኑን ግን አዛብቷል።

ለምን አልዋሸም? ጨዋታ በሰከንድ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ አዲስ ሥዕል ስክሪኑ ላይ መሣል አለበት። ያን የሚሠራው ግራፊክስ ካርድ ነው። ሶሊድወርክስ ላይ ብዙ መቶ ክፍል ያለው ማሽን ስታዞሩም የሚሠራው ያው ካርድ ነው። ለኢንጂነሪንግ ተብለው የሚሸጡ ውድ ካርዶች አሉ፤ ለትልቅ ድርጅት እንጂ ለተማሪ አያስፈልጉም። ስለዚህ «ጌሚንግ» የሚለው ቃል ብቻውን አያስደነግጣችሁ።

ሚዛኑ የተዛባው የት ላይ ነው? የልጁ ዝርዝር አርቲኤክስ 4070 ካርድ፣ አንድ ባለ 8 ጊጋባይት ራም፣ ስሙ የማይታወቅ ፓወር ሰፕላይ፣ መብራት የሞላው የመስታወት ኬዝ ይላል። ገንዘቡ በሙሉ ጨዋታው የሚፈልገው ላይ ወድቋል። ትምህርቱ የሚፈልገው ራም ደግሞ ጎድሏል። አንድ በአንድ እንየው።

ፕሮሰሰር፦ አውቶካድና ሶሊድወርክስ ሥዕል ስትሠሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሙት አንድ ኮር ነው፤ ስለዚህ የአንዱ ኮር ፍጥነት ይፈለጋል። አንሲስ ላይ ብረቱ ጭነት ሲያርፍበት ምን ይሆናል ብላችሁ ስታሰሉ ግን ብዙ ኮር ይሠራል። ጨዋታ መካከል ላይ ነው። ራይዘን 5 5600 ወይም አይ5 12400 ለሁለቱም ይበቃል፣ ሁለቱም 6 ኮር አላቸው። የኢንቴልን ቁጥር ማንበብ ልመዱ፦ 12400 ሲል 12ኛ ትውልድ፣ 4790 ሲል 4ኛ ትውልድ ነው። መጨረሻው ላይ «ኤፍ» ካለ ደግሞ ውስጡ ግራፊክስ የለውም፤ ካርድ ካልተገጠመለት ስክሪኑ ምንም አያሳይም። ራይዘን 5 5600ም እንደዚያው ነው።

ራም፦ ልጁ አክስቱ ቤት ባለው ኮምፒውተር ላይ የሠራውን የቡና መፈልፈያ ማሽን ሥዕል ከፍቶ አሳየኝ። ራሙ 8 ጊጋባይት ነው። ፋይሉ እስኪከፈት ሻይ ጠጥተን ጨረስን። ራም ሲሞላ ማሽኑ ትርፉን ወደ ዲስክ ያወርዳል፣ ዲስክ ደግሞ ከራም በጣም ቀርፋፋ ነው። ለሁለቱም ሥራ መነሻው 16 ጊጋባይት ነው፤ አንሲስ ለሚጠቀም ወይም ትልቅ ሞዴል ለሚሠራ 32 ይሻላል። ሁልጊዜ ጥንድ ግዙ፤ ሁለት ባለ 8 ከአንድ ባለ 16 ይፈጥናል፣ ምክንያቱም ፕሮሰሰሩ ከሁለቱም በአንድ ጊዜ ያነባል።

ግራፊክስ ካርድ፦ አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋባይቱ ለተማሪ በደንብ ይበቃል፣ ብዙውን ጨዋታም በተለመደው ስክሪን ያጫውታል። ከዚያ በላይ የምትከፍሉት በአብዛኛው ለጨዋታ ነው፣ ይህንን እያወቃችሁ ክፈሉ። ተጠንቀቁ፣ በዚሁ ስም ባለ 8 ጊጋባይትም አለ፣ እሱ ይደክማል። የኤኤምዲ ካርዶች ለጨዋታ ጥሩ ናቸው፤ ግን ማትላብ በካርድ ሲያሰላ የሚቀበለው የኤንቪዲያን ብቻ ነው። ስለዚህ ትምህርት ካለበት ኤንቪዲያ ይሻላል።

ኤስኤስዲ፦ ኤንቪኤምኢ የሚባለውን ዓይነት፣ ቢቻል 1 ቴራባይት። አንዳንድ ጨዋታ ብቻውን 100 ጊጋባይት ይበላል፣ የኢንጂነሪንግ ሶፍትዌሮቹም ቀላል አይደሉም።

ፓወር ሰፕላይ፦ ብዙ ሰው የሚያላግጥበት ይህንን ነው። 3060 እስከ 170 ዋት፣ ፕሮሰሰሩ 65 ዋት ገደማ ይፈልጋል፤ የታወቀ ስም ያለው፣ «80 ፕላስ» ምልክት ያለበት ባለ 550 ዋት ይበቃል። ርካሹ የጻፈውን ዋት ላይሰጥ ይችላል፣ ሲበላሽም ሌላውን ዕቃ ይዞ ሊሄድ ይችላል። በኛ አገር መብራት ደግሞ ብልጭ ድርግም ነው። ዩፒኤስ ጨምሩ፤ የሴሚስተር ፕሮጀክት ሳይቀመጥ መብራት ቢሄድ ማን ይመልሰዋል?

እንግዲህ ሒሳቡ። በእኔና በወንድሜ ግምት፣ ስክሪንና ዩፒኤስን ሳይጨምር ከየ100 ብሩ 38ቱን ለካርድ፣ 27ቱን ለፕሮሰሰርና ማዘርቦርድ፣ 22ቱን ለራምና ኤስኤስዲ፣ 13ቱን ለፓወር ሰፕላይና ኬዝ ብትመድቡ ብዙ አትሳሳቱም። ካርዱ ብቻውን ግማሹን ከበላ ሌላ ቦታ ላይ የጎደለ ነገር አለ ማለት ነው።

ሁለተኛ እጅ ካርድ ለምትገዙ፦ እ.ኤ.አ. መስከረም 2022 ኢቴሪየም የተባለው ክሪፕቶ አሠራሩን ሲለውጥ፣ ቀን ከሌሊት ሲሠሩ የነበሩ ካርዶች ወደ ገበያ ጎረፉ። ሁሉም መጥፎ አይደሉም፣ ግን ሳታዩ አትግዙ። ቺፑ አሮጌ ሆኖ ሳለ በሶፍትዌር ስሙ የተቀየረ ካርድም አለ፤ ሰርገኛውን ማኛ ብሎ እንደመሸጥ ቁጠሩት። ጂፒዩ-ዚ የሚባል ነጻ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፤ የታወቁትን የተጭበረበሩ የኤንቪዲያ ካርዶች ለይቶ ይነግራችኋል። ከዚያ እዚያው ሱቅ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ጨዋታ አስጫውቱት። ሻጩ ይህንን ከከለከለ፣ ናሙና አላሳይም እንዳለ ነጋዴ ነው፣ በቃ ውጡ።

መቼ ይገዛ? ይህኛው የኛ ሙያ ነው። ዕቃው በዶላር ነው የሚገባው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው የባንክ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ማለፉን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ቡናውን የወደደልን ዶላር ኮምፒውተሩንም አስወደደው። ራም ራሱ እንደ ቡና በዓለም ገበያ የሚወጣና የሚወርድ ሸቀጥ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት ሲሻሙበት ዋጋው ዘለለ። ስለዚህ ልጁ በእርግጥ የሚፈልገው ከሆነ ቡናችሁን እንደሸጣችሁ ግዙ፣ ብሩን ይዛችሁ አትቆዩ። ልጁ ገና ፍሬሽማን ከሆነ ግን ቆዩ። ዲፓርትመንቱ ሳይታወቅ የሚገዛ ዕቃ ገዢ ሳይገኝለት እንደተጫነ መኪና ነው። ዶርም የሚኖር ከሆነም ዴስክቶፕ አይሆነውም፣ ላፕቶፕ ነው። የላፕቶፕ ካርድ ግን ስሙ ከዴስክቶፑ ጋር አንድ ቢሆንም አቅሙ ያንሳል።

ለጋሼ ደወልኩላቸው። ካርዱን ወደ 3060 አወረድን፣ የመስታወቱን ኬዝ ተውን፣ በተረፈው ራሙን 32 አደረግን፣ ደህና ፓወር ሰፕላይና ዩፒኤስ ገባ። ድምሩ ልጁ ከጠየቀው ብር አላለፈም። ልጁ መጀመሪያ አኮረፈ፣ በኋላ ግን ራሙ 32 እንደሚሆን ሲሰማ ፊቱ ፈታ አለ።

«እና ጨዋታውስ?» አሉኝ ጋሼ።

«መጫወቱ አይቀርም ጋሼ» አልኳቸው። «ግን የመፈልፈያ ማሽን ሥዕል ጀምሯል፣ ይላክልዎት።»

ትንሽ ዝም ብለው «የመፈልፈያ?» አሉና ብሩን ሰኞ እንደሚልኩ ነገሩኝ።

ዝርዝር ደርሷችሁ ግራ የገባችሁ ካላችሁ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፣ ከወንድሜ ጋር እናየዋለን። ነገ ጠዋት የጅማና የነቀምት ዋጋ ይዘን እንገናኝ። መልካም እሁድ።