ስለሚተኛው ፕሮሰሰርና ስለሚቀሰቅሰው ሰዓት

በኮምፒዩተር ውስጥ ትእዛዝን ሁሉ የሚፈጽመው ክፍል ፕሮሰሰር ይባላል። ሥራውን የሚያከፋፍልለትና የሚቈጣጠረው ከርነል የተባለው የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ዋና ፕሮግራም ነው። ፕሮሰሰር ሥራ ባጣ ጊዜ ነቅቶ ቢጠብቅ ኃይል በከንቱ ይባክናል፤ የመብራት መሥመር ባልደረሰበት ስፍራ በባትሪ የሚያስተምር መምህርም ትምህርቱን ሳይፈጽም ኮምፒዩተሩ ይጠፋበታል። ስለዚህ ከርነሉ ሥራ የሌለውን ፕሮሰሰር ያስተኛዋል።

እንቅልፉም ልዩ ልዩ ደረጃ አለው። ከቀላሉ እንቅልፍ ፕሮሰሰሩ ፈጥኖ ይነቃል፤ የሚተርፈው ኃይል ግን ጥቂት ነው። በከባዱ እንቅልፍ ብዙ ኃይል ይተርፋል፤ ለመንቃት ግን ጊዜም ኃይልም ይጠይቃል። ስለዚህ ከባዱ እንቅልፍ የሚጠቅመው የሚቀጥለው ቀጠሮ ሩቅ ሲሆን ነው።

ቀጠሮውን የሚያስታውሰው በእያንዳንዱ ፕሮሰሰር ውስጥ ያለው ሰዓት ነው። ነገር ግን በብዙ የቀድሞ ፕሮሰሰሮች ዘንድ በከባዱ እንቅልፍ ጊዜ ይህ ሰዓት አብሮ ይቆማል። ሰዓቱ ከቆመ ቀጠሮው ሳይታወቅ ያልፋል፤ የተኛ ራሱን ሊቀሰቅስ አይችልምና።

መፍትሔው የገዳምን ሥርዓት ይመስላል፤ መነኮሳቱ ሲተኙ ደወል የሚደውለው ለሁሉ ይነቃል። ከርነሉም ፕሮሰሰሩን ከማስተኛቱ አስቀድሞ ቀጠሮውን ከፕሮሰሰሩ ውጭ ላለው፥ ለማይቆመው ሰዓት አደራ ይሰጣል። የተኙት ብዙ ቢሆኑ ይህ ሰዓት ከሁሉ ቀድሞ ለሚደርሰው ቀጠሮ ይሞላል። ጊዜው ሲደርስ አንዱን ይቀሰቅሳል፤ እርሱም ቀጠሯቸው የደረሰውን ባልንጀሮቹን ይቀሰቅሳል። የነቃውም ሁሉ ወደ ገዛ ሰዓቱ ይመለሳል።

ሊነስ ቶርቫልድስ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1991 ዓ.ም. የጀመረው የሊኑክስ ከርነል፥ በግል ኮምፒዩተሮች ላይ በመጀመሪያ በሰከንድ 100 ጊዜ፥ በ2003 ዓ.ም. በወጣው 2.6 እትም ደግሞ 1000 ጊዜ፥ ሥራ ቢኖርም ባይኖርም ፕሮሰሰሩን ይቀሰቅስ ነበር። እንዲህ የሚቀሰቀስ ፕሮሰሰር ከሰከንድ አንድ ሺሕኛ እጅ በላይ አይተኛም። በ2007 ዓ.ም. የወጣው 2.6.21 እትም ግን ሥራ በሌለ ጊዜ ይህ የዘወትር ምት እንዲቀር፥ የቆመውንም ሰዓት የውጭው እንዲተካው አደረገ።

ከዚያ በኋላ ሰዓታቸው በእንቅልፍ የማይቆም ፕሮሰሰሮች ተሠርተዋል፤ ለእነዚህ አደራው አያስፈልግም። መምህራን ይህን ሲያስረዱ ተማሪው አንድ ነገር ይያዝ፤ ይኸውም የሚያስተኛ ሁሉ የሚቀሰቅሰውን አስቀድሞ ያዘጋጅ ዘንድ የሚገባው መሆኑን ነው።