ጤናዎ ድንበር ሲሻገር፦ የሁለቱ አገሮች ሥራና የእርስዎ ድርሻ



የጤና ክትትልዎ የሚጀምረው እስራኤል ሲደርሱ ሳይሆን ገና ኢትዮጵያ ሳሉ ነው። ኢትዮጵያና እስራኤል የተቋረጠውን ግንኙነት በ1989 እ.ኤ.አ. ካደሱ በኋላ፣ አዲስ አበባ ጉዞ ለሚጠባበቁ ቤተ እስራኤላውያን የጆይንት ድርጅት ክሊኒክ ክትባትና ሕክምና ይሰጥ ነበር። በግንቦት 1991 እ.ኤ.አ. በዘመቻ ሰሎሞን በአንድ ቀን ተኩል ከ14,000 በላይ ሰዎች ሲገቡ፣ እዚያ የተጀመረውን ሕክምና እዚህ መቀጠል አስፈለገ።

ይህ ለምን አስፈላጊ ሆነ? የሳንባ ነቀርሳን (ቲቢን) እንደ ምሳሌ እንመልከት። መድኃኒቱ አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ለስድስት ወር ይወሰዳል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሳሉ ይቀንሳል፣ ሰውነትም ይበረታል። ብዙ ሰው «ድኛለሁ» ብሎ መድኃኒቱን የሚተወው በዚህ ጊዜ ነው። ተሐዋስያኑ ግን ገና አልጠፉም፤ መድኃኒቱን ተለማምደው ሊመለሱና ወደ ልጆችዎ ሊተላለፉ ይችላሉ። ስለዚህ ከጉዞ በፊት የደረት ራጅ ይነሣል፤ የታመመ ሰው ሕክምናውን እዚያው ይጀምራል፤ በእስራኤልም ሕክምናው በነጻ ነው። በሽታው ነውር አይደለም። ጎረቤት እንዳይሰማ ብለው አይደብቁት።

ከእርስዎ የሚጠበቀው፦

1. ከኢትዮጵያ ያመጡትን የክትባትና የምርመራ ወረቀት አይጣሉ። ለሐኪሙ ያሳዩ። የጀመሩት መድኃኒት ካለ በመጀመሪያው ቀጠሮ ይናገሩ።

2. ከአራቱ የጤና ድርጅቶች (ኩፓት ሆሊም) በአንዱ ይመዝገቡ፦ ክላሊት፣ መካቢ፣ መኡሔዴት ወይም ሌኡሚት። ከጥር 1 ቀን 1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሠራው የጤና መድን ሕግ መሠረት በዕድሜ ወይም በሕመም ምክንያት ሊከለክሉዎ አይችሉም።

3. ሕፃናትን ወደ ጥፓት ሐላብ (የእናቶችና የሕፃናት ጤና ጣቢያ) ይውሰዱ። ክትባት የሚሰጠው እዚያ ነው።

4. በአፍሪዳርም ሆነ በሌላ የአሽቀሎን ሰፈር ቢኖሩ፣ የከተማው ሆስፒታል ባርዚላይ ነው። ለድንገተኛ ሕመም 101 ደውለው አምቡላንስ ይጥሩ።

5. ያልገባዎትን «ገብቶኛል» አይበሉ። የጤና ሚኒስቴር በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መሠረት አስተርጓሚ መጠየቅ መብትዎ ነው። ትንሽ ልጅዎን አስተርጓሚ አያድርጉ፤ ለልጅ የማይነገር ሕመም አለና።

መንግሥታት ሐኪምና መድኃኒት ያቀርባሉ። መድኃኒቱን እስከ መጨረሻው ቀን የሚወስዱት ግን እርስዎ ነዎት።