የመኪና ታርጋ አመራረጥ፤ በቢቸናና በሞጣ መንገድ ምሳሌነት

የዚህ አጭር ጽሑፍ አሳብ፣ አንድ ሰው መኪና ሲገዛ በስተፊትና በስተኋላ የሚለጠፈውን ሰሌዳ፣ ማለት ታርጋውን፣ ምን ያህል እንደ ፈቃዱ ሊመርጥ እንደሚችልና ምርጫው ምን እንደሚያስከትል መግለጥ ነው። ለምሳሌ የያዝነው ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀውን የምሥራቅ ጎጃም መንገድ ነው። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም የባለቤቱን እንጀራና የመንገደኛውን ደኅንነት የሚነካ ስለ ሆነ ሊመረመር ይገባዋል።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ እንናገር። «ታርጋ» የሚለው ቃል ከኢጣልያንኛ የመጣ ነው። የዓመቱ ምርመራ ምልክት «ቦሎ»፣ እንዲሁም «ፍሬን» የሚሉት ቃላት ወደ አማርኛ የገቡት ከዚሁ ቋንቋ ነው። የሕጉ መጽሐፍ «ሰሌዳ» ቢልም ሾፌሩም ረዳቱም ነጋዴውም የሚያውቁት ታርጋን ነው።

ይሁን እንጂ መጓጓዣን በምልክት መለየት ከመኪና ጋር የመጣ ነገር አይደለም። የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ከዚያ በፊት ፈረሱም በቅሎውም በመልኩ፣ ዳማ ወይም ቦራ እየተባለ ይታወቅ ነበር። የጌታው ማዕርግ ከፍ ያለ እንደ ሆነ ደግሞ የፈረስ ስም ይወጣለት ነበር። አጼ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ አጼ ዮሐንስ «አባ በዝብዝ»፣ አጼ ምኒልክ «አባ ዳኘው» ተብለዋል። በቢቸና አገር ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጠላት ወረራ ዘመን በአርበኝነት የተጋደሉት በላይ ዘለቀ «አባ ኮስትር» በመባል ይታወቃሉ። እንግዲህ የፈረስ ስም ባለቤቱ ራሱን የሚገልጥበት ነው፤ የሚመረጠውም ጠባዩንና ጀግንነቱን እንዲናገር ነው።

የመኪና ታርጋ ግን ከዚህ ይለያል። ታርጋ የመንግሥት ምልክት እንጂ የባለቤቱ ስም አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በወጣው የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681 ዘመን ለብዙ ዓመት የተሠራበትን ሰሌዳ ብንመለከት ሦስት ነገሮችን እናገኝበታለን። አንደኛው የአገልግሎቱ መለያ ቁጥር፣ ማለት ኮዱ ነው። ሁለተኛው የመዘገበው ክልል ወይም ከተማ ፊደል ነው፤ ይኸውም በአማርኛና በላቲን የተጻፈ ነው። ሦስተኛው የመኪናው የራሱ ቁጥር ነው።

የኮዱ ቀለም ባለቤቱ ስለ ወደደው የሚሰጥ አይደለም። ኮድ 1 ታክሲ ሲሆን ቀለሙ ቀይ ነው። ኮድ 2 የግል ሲሆን ሰማያዊ፣ ኮድ 3 የንግድ ሲሆን አረንጓዴ ነው። ኮድ 4 የመንግሥት ሲሆን ጥቁር፣ ኮድ 5 ደግሞ የልዩ ልዩ ድርጅቶች ሲሆን ብርቱካንማ ነው። ስለዚህ በሞጣ ከተማ ውስጥ የሚመላለሰው ባጃጅ፣ ከቢቸና ጤፍ ጭኖ የሚወርደው አይሱዙ፣ የወረዳው መሥሪያ ቤት መኪናና የአንድ ቤተ ሰብ አውቶሞቢል በአንድ መንገድ ላይ ቢገናኙ፣ ተመልካቹ ባለቤቶቻቸውን ሳይጠይቅ ሥራቸውን ከቀለሙ ይረዳል።

ታዲያ ምርጫ የት አለ? እውነተኛው ምርጫ ያለው በሥራው ላይ ነው። አንድ የቢቸና ነጋዴ መኪና ገዛ እንበል። ለቤቱ ብቻ ከሆነ ኮድ 2 ይበቃዋል፤ ሰው ወይም ዕቃ በክፍያ ሊያጓጉዝበት ካሰበ ግን ኮድ 3 ያስፈልገዋል። አንዳንድ ሰው የንግድ ግብርንና የፈቃድ ውጣ ውረድን ሸሽቶ በሰማያዊው ታርጋ በገበያ ቀን መንገደኛ ይጭናል። ይህ ትርፍ ይመስላል። ነገር ግን አደጋ የደረሰ እንደ ሆነ የመድን ውሉ የተገባው ለግል አገልግሎት ስለ ነበር ክርክር ይነሣል። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 ባለመኪናው ሁሉ መድን እንዲገባ ያስገደደው ተጎጂ ሜዳ ላይ እንዳይቀር ነው። ሳንቲም ለማዳን የተመረጠ ታርጋ ቤትንና ከብትን የሚያሸጥ ዕዳ ሊያመጣ ይችላል።

ፊደሉም ቢሆን የራሱ ትርጉም አለው። «አማ» የአማራ ክልልን፣ «አአ» አዲስ አበባን ሲያመለክት፣ «ኢት» በፌዴራሉ መሥሪያ ቤት የተመዘገቡትን፣ በተለይም አገር አቋራጭ የጭነት መኪናዎችን ያመለክታል። ልብ ሊባል የሚገባው «አማ» የሚለው ፊደል ቢቸናን ከሞጣ፣ ሞጣንም ከደሴ የማይለይ መሆኑ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ፊደሉ ሾፌሩን ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ አድርጎ ሊያሳየው ይችላል። አገር ሰላም በሆነ ጊዜ ይህ ተራ ነገር ነው፤ ጥርጣሬ በበዛበት ጊዜ ግን ሰው በሥራው ሳይሆን በታርጋው ፊደል ሊመዘን ይችላል። የክልሉን ፊደል አስቀርቶ ለመላው አገር አንድ ዓይነት ሰሌዳ ይሁን የሚለውም አሳብ ከዚህ አንጻር ቢታይ መልካም ነው።

በውጭ አገር የባለቤቱ ፈቃድ ሰፋ ይላል። በእንግሊዝ አገር ታርጋ ግዴታ የሆነው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1904 ነው፤ ዛሬ ግን ሰው ስሙን የሚመስል ፊደልና ቁጥር በገንዘብ ይገዛል። በአቡ ዳቢ በ2008፣ በዚያው አቈጣጠር፣ «1» ቁጥር ብቻ ያለበት ታርጋ በ52.2 ሚሊዮን ድርሃም በሐራጅ ተሽጧል። ይህ ከእኛ የፈረስ ስም ጋር ይቀራረባል፤ ልዩነቱ የፈረስ ስም በጀግንነት ሲገኝ ይኼኛው በገንዘብ መገኘቱ ነው።

የእኛ ባለመኪና ራሱን የመግለጥ ፍላጎቱን የሚወጣው ከታርጋው ውጭ ነው። በመስተዋቱና በካሮሴሪው ላይ የታቦት ስም፣ «ማሻአላህ»፣ ምሳሌያዊ ንግግር ወይም የትውልድ አገሩን ስም ያጽፋል። በዚህ ነቀፋ የለም። ነቀፋው ጌጡ ቁጥሩን ሲሸፍን ነው። በክረምት የመረሬው ጭቃ ታርጋውን ሲደፍነው ባለመኪናው ሳይጠርገው ቢሄድም ያው ነው። ሾፌር እግረኛ ገጭቶ ቢያመልጥ፣ ምስክር የሚሆነው ምናልባት ከብት የሚጠብቅ አንድ ልጅ ብቻ ይሆናል። ያ ልጅ ቀለሙን፣ ፊደሉንና ጥቂት ቁጥሮችን ካስታወሰ ፍርድ መንገድ ያገኛል፤ ታርጋው በጭቃ ተሸፍኖ ከነበረ ግን የሟች ወገን እንባ ብቻ ይቀራል።

በጠቅላላው፣ ታርጋ ለማማር የሚመረጥ ልብስ አይደለም። ባለመኪናው ኮዱን በእውነተኛ ሥራው ይምረጥ፤ ጌጡን በሌላ ስፍራ ያድርግ፤ ቁጥሩንም ንጹሕ አድርጎ ይያዝ። የፈረስ ስም የባለቤቱን ክብር ይናገር ነበር፤ ታርጋ ደግሞ ባለቤቱ በሌላው ሰው ፊት ያለበትን ኃላፊነት ይናገራል።