ለሟች ምን እናቁምለት?

ድንኳኑ ተነሥቶ ለቀስተኛው ሲበተን ቤተሰቡ የመታሰቢያውን ነገር ማንሳቱ አይቀርም። ብዙ ሰው ሐውልቱን ለአርባው ለማድረስ ይሯሯጣል። እኔ ግን አትቸኩሉ እላለሁ። አዲስ መቃብር አፈሩ ቢያንስ አንድ ክረምት ዝናብ ጠግቦ እስኪረጋ ድረስ ይሰጥማል፤ በላዩ የተጫነው ሲሚንቶም አብሮ ይሰነጠቃል።

ድንጋይ ስትመርጡ ጣታችሁን በፊደሉ ላይ አሳልፉ። በቀለም ብቻ የተጻፈ ስም ፀሐይና ዝናብ ያጠፉታል፤ በመሮ የተፈለፈለ ግን ቀለሙ ቢለቅም ይነበባል። እብነ በረድ ለዓይን ያምራል፣ ሆኖም ዝናብ እያጠበው ይደበዝዛል፤ ግራናይት ይበልጥ ይጸናል። ሥራውን ከማዘዛችሁ በፊት ሰበካ ጉባኤውን ጠይቁ፦ ምን ያህል ስፋት ይፈቀዳል? ቦታውስ ለስንት ዓመት ይቆያል?

ደግሞም መታሰቢያ የግድ ሐውልት መሆን የለበትም። ሙስሊም ቤተሰቦች ሰደቀቱል ጃሪያ ብለው በሟቹ ስም የውኃ ጉድጓድ ያስቆፍራሉ፤ ሰው እስከጠጣ ድረስ ምንዳው ለሟቹ እንደሚደርስ ይታመናል። ኮንሶዎች ለጀግኖቻቸው ዋካ የሚሉትን የእንጨት ምስል ይቀርጻሉ፤ ከጀግናው ጎን ሚስቶቹና የገደላቸው ጠላቶች ወይም አውሬዎች ስለሚቆሙ የሚያልፍ ሁሉ ታሪኩን ያያል።

ለእኔ ከሁሉ የሚልቀው የልዕልት ፀሐይ ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ፣ በስደት ዘመን ለንደን ውስጥ ነርስነት የተማረች፣ እ.ኤ.አ. በ1942 ነቀምቴ ላይ በወሊድ ምክንያት በ22 ዓመቷ ያረፈች ወጣት ነበረች። እንግሊዛዊቷ የኢትዮጵያ ወዳጅ ሲልቪያ ፓንክረስት ገንዘብ አሰባሰበችላት፤ እ.ኤ.አ. በ1951ም አዲስ አበባ ላይ በስሟ ሆስፒታል ተከፈተ። ለነርስ ሆስፒታል! ሙያዋን በትክክል የሚመስል መታሰቢያ ነው። ስሙ በኋላ ጦር ኃይሎች ተብሎ ቢለወጥም ሕመምተኛ አሁንም ይታከምበታል።

ሆስፒታል ማሠራት የጥቂቶች አቅም ነው፤ መንገዱ ግን ለሁላችንም ክፍት ነው። መጀመሪያ ሟቹ በሕይወት ሳለ ልቡ ያለበትን ነገር አስቡ። አስተማሪ ለነበረች እናት በየመስከረሙ ለአንድ ችግረኛ ልጅ ደብተርና ዩኒፎርም መግዛት ይቻላል። ገበሬ ለነበረ አባት ወይራ ወይም ጽድ መትከል ያምርበታል። ታዲያ ችግኙ ከተተከለ በኋላ በመጀመሪያዎቹ በጋዎች ውኃ የሚያጠጣው ማን ነው? ሁላችንም እናየዋለን የተባለ ነገር ማንም ሳያየው ይደርቃል። ስለዚህ ከቤተሰቡ መሃል አንድ ኃላፊ ሰይሙ፤ እሱ ራቅ ሲል የሚተካውንም አብራችሁ ወስኑ።