ፊት ሲጣመም ኤምአርአይ ምን ያሳያል? ምንስ አያሳይም?

እ.ኤ.አ. ሰኔ 2022 ጀስቲን ቢበር ኢንስታግራም ላይ የለቀቀውን ቪዲዮ ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። የፊቱ ቀኝ ጎን አይንቀሳቀስም፤ ፈገግታውም ግማሽ ነበር። ራምሴ ሃንት ሲንድረም እንደያዘው ተናገረ። ዛሬ ይህ በሽታ በምስል ምርመራ ምን እንደሚመስል እናያለን።

👉 ከየት ይመጣል?
ልጅ እያለን ጉድፍ የሚያወጣብን ቫይረስ ከዳንን በኋላም አይጠፋም፤ ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል። ከዓመታት በኋላ ሲነሳ አልማዝ ባለጭራ ይሆናል። የተነሳው የፊት ጡንቻን በሚያዘው ነርቭ ላይ ከሆነ ፊት ይጣመማል። ነርቩ ጆሮ አካባቢ በጠባብ የአጥንት ቱቦ ውስጥ ነው የሚያልፈው። ሲቆጣ ያብጣል፤ አጥንቱ ግን አይሰፋለትም፤ ስለዚህ ይጨመቃል።

👉 ምስሉ ላይ ምን ይታያል?
ሲቲ ስካን አጥንቱን እንጂ ነርቩን በደንብ አያሳይም። ለነርቩ የሚሻለው ኤምአርአይ ነው። ጋዶሊኒየም የሚባል ማድመቂያ በደም ስር ሲሰጥ የተቆጣው ነርቭ ነጭ ሆኖ ይደምቃል። አንዳንዴ ጎኑ ያለው የመስማትና የሚዛን ነርቭም አብሮ ይደምቃል። አንዳንድ ታማሚዎችን ጆሯቸው የሚጮኸውና የሚያዞራቸው ይሄኛው ነርቭ ስለሚነካ ነው።

ግን ልብ በሉ፦ ነርቩ ስለደመቀ ብቻ አልማዝ ባለጭራ ነው አይባልም። ሽፍታ የሌለው ቤልስ ፓልሲም ነርቩን ያደምቀዋል። ኤምአርአይ በዋናነት የሚጠቅመው ዕጢ ወይም ሌላ ችግር አለመኖሩን ለማየት ነው።

👉 ታዲያ በምን ይታወቃል?
ሐኪሙ በዓይኑ አይቶ! ጆሮ ላይ ወይም አፍ ውስጥ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ፣ ከባድ የጆሮ ሕመምና የፊት መጣመም ዋና ምልክቶቹ ናቸው። ሽፍታው ፊት ከተጣመመ በኋላም ሊወጣ ይችላል።

👉 ለምን ይቸኮላል?
እኛ ጋር "ንፋስ መታው" ተብሎ ቤት የሚቀመጥ አለ። የኤምአርአይ ብር እስኪሞላለት የሚጠብቅም አለ። ሁለቱም ጊዜ ይበላሉ። እንደ አሳይክሎቪር ያለ የቫይረስ መድኃኒትና ፕሬድኒሶሎን በሐኪም ትዕዛዝ በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ቢጀመሩ የመዳን ዕድሉ የተሻለ ነው። አልከደን ያለው ዓይንም እንዳይደርቅ ጠብታ ያስፈልገዋል።

⚠️ ከፊቱ ጋር እጅ ወይም እግር ከዛለ፣ ወይም አንደበት ከተሳሰረ ስትሮክ ሊሆን ይችላል። በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል!

ቤታችሁ ፊቱ የተጣመመ ሰው ካለ ጆሮውን እዩለት፤ ሽፍታ ኖረም አልኖረም በዚያው ቀን ሐኪም ጋር ውሰዱት። ለወዳጆቻችሁም ሼር አድርጉላቸው 🙏