መልሕቅ ከማንሣት በፊት

እኛ ዘመነ ጽጌን በማኅሌት በምናከብርበት ወራት፥ በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ ብዙ ባለ ሸራ ጀልባዎች ብርዱን ሸሽተው ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። ከዚህ ረዥም ጉዞ የአንዲቱን ቀን መንገድ፥ ይኸውም በኒው ጀርሲ ጠረፍ ከማናስኳን እስከ አትላንቲክ ሲቲ ያለውን፥ ለአንባብያን ልንገልጥ ወደድን፤ ለቤተ ሰብ የሚጠቅም ምክር አግኝተንበታልና።

ርቀቱ 50 ያህል የባሕር ማይል ነው። በሰዓት 5 የባሕር ማይል ለምትሄድ ጀልባ 10 ሰዓት ይፈጃል፤ በጥቅምት አጋማሽ ግን በዚያ አገር የቀኑ ብርሃን 11 ሰዓት አይሞላም። ስለዚህ መርከበኞች ገና ሳይነጋ ይነሣሉ። በመንገዱ መካከል የባርኔጋት መግቢያ ይገኛል። በ1859 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የበራው የመብራት ግንቡ ከሩቅ ይታያል፤ ነገር ግን በባሕሩ በር ያለው አሸዋ ቦታውን ስለሚለዋውጥ፥ ማዕበል በተነሣ ጊዜ መሸሸጊያ መሆኑ ይቀርና ራሱ አደጋ ይሆናል።

እንግዲህ የዚያ ቀን ደኅንነት የሚወሰነው ገና በወደብ ሳሉ ነው። ነፋሱ ከሰሜን ምዕራብ፥ ከየብስ በኩል ሲነፍስ፥ ምድሪቱ ጋሻ ስለምትሆን በጠረፉ አጠገብ ትልቅ ማዕበል አይነሣም። ከምሥራቅ ወይም ከደቡብ ሲበረታ ግን ሞገዱ ከሰፊው ውቅያኖስ እየገፋ በመግቢያዎቹ ላይ ይሰበራል። አስተዋይ መርከበኛም ተስማሚው ነፋስ እስኪመጣ፥ ሥራና ቀጠሮ ቢጠራውም፥ ቀናት ይጠብቃል።

ይህንኑ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 እናገኘዋለን። መርከቢቱ በቀርጤስ መልካም ወደብ በቆመች ጊዜ ወራቱ አልፎ ነበር። ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ የመርከብ መሰበር የደረሰበት ቅዱስ ጳውሎስ ጉዞው ጥፋት እንደሚያመጣ አስጠነቀቀ፤ የመቶ አለቃው ግን የመርከቢቱን መሪና ባለቤት አመነ። ልከኛ የደቡብ ነፋስ በነፈሰ ጊዜም ያሰቡት የተሳካላቸው መስሎአቸው በጠረፉ አጠገብ ተጓዙ። ጥቂት ቆይቶ ዐውሎ ነፋሱ ወረደባቸው። በእግዚአብሔር ቸርነት 276ቱ ነፍስ ሁሉ በመላጥያ ዳኑ፤ መርከቢቱ ግን ጠፋች።

ያታለላቸው ብርቱ ማዕበል ሳይሆን ለስላሳ ነፋስ መሆኑን እናስተውል። በቤታችንም ጋብቻ፥ ብድር ወይም ስደት ሲታሰብ፥ የአንዲት ማለዳ ጸጥታ ፈቃድ መስሎ ይታየናል። ቀድሞ ማዕበሉን ያየ ሰው በመካከላችን ካለ፥ መልሕቁን ከማንሣታችን በፊት እንስማው። በወደብ የዘገየ መንገደኛ ነገ ይሄዳልና።