የአዳራሹ ወረቀትና የፎቶ አንሺው ኪሳራ

አሜሪካ ውስጥ ለብቻው የሚሠራ ፎቶ አንሺ የሥራ መድን እንዲገባ የሚያስገድደው አብዛኛውን ጊዜ ሕግ ሳይሆን የሰርግ አዳራሹ ነው። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ፣ ባለሙያው ከሙሽሮቹ ጋር ተዋውሎ ቀብድ ከተቀበለ በኋላ፣ አንዳንዴም ሰርጉ ሳምንት ሲቀረው፣ ከአዳራሹ ኃላፊ ጥያቄ ይመጣል። የ1 ሚሊዮን ዶላር የሦስተኛ ወገን ኃላፊነት መድን መግባቱን የሚያሳይ ሰርተፍኬት ያቅርብ፣ የአዳራሹም ስም በተጨማሪ መድን ገቢነት ይጻፍበት ይባላል። የመድን ፍለጋው የሚጀመረው ያኔ ነው። በጥድፊያ የሚገኘው ደግሞ ርካሹ ውል ነው፤ እሱም ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠብቀው ወረቀቱን የጠየቀውን አዳራሽ ነው።

የኃላፊነት መድን ጥቅሙ ቀላል አይደለም። የመብራት ማቆሚያ ወድቆ እንግዳ ቢፈነክት፣ ወለል ላይ የተዘረጋ ገመድ አንዲት አሮጊት ቢያደናቅፍ፣ የአዳራሹ መስታወት ቢሰበር፣ የሕክምናውንና የካሳውን ወጪ መድን ሰጪው ይሸከማል። ክስ ከተነሳም ጠበቃ አቁሞ ይከራከራል። የተለመደው ጣሪያ ለአንድ አደጋ 1 ሚሊዮን፣ ለዓመቱ በድምሩ 2 ሚሊዮን ዶላር ነው። ቁጥሩ ያስፈራል እንጂ የዓመት አረቦኑ ለብቻው ለሚሠራ ፎቶ አንሺ ብዙ ጊዜ ከጥቂት መቶ ዶላር አያልፍም፤ ጣሪያ ላይ ከሚወጣ ሠራተኛ ጋር ሲተያይ ሙያው የሚያደርሰው ጉዳት ጥቂት ነውና። ከዚያ በታች እንዳይወርድ የሚያደርገው ኩባንያዎቹ ለማንኛውም ውል የሚያስከፍሉት ዝቅተኛ አረቦን ነው። በዓመት ሦስት ሰርግ የሚያነሳና ሠላሳ የሚያነሳ ተቀራራቢ ክፍያ ሊከፍሉ የሚችሉት በዚህ ምክንያት ነው። ትንሹ ነጋዴ ዋጋው የከበደው የሚመስለውም ለዚሁ ነው።

ለእንዲህ ዓይነቱ ትንሽ ነጋዴ የአንድ ቀን ውል ይሸጣል። ለሐበሻ ሰርግ ግን ይህ ውል መጠንቀቅ ይጠይቃል። ሽፋኑ በተጻፈበት ቀን ስለሚያበቃ በማግስቱ ወይም በሳምንቱ የሚደረገው መልስ ከውሉ ውጭ ይቀራል፤ የመልሱ ቦታም ብዙ ጊዜ ሌላ ነው።

ከሁሉም በላይ በአዳራሹ ወረቀት ውስጥ የማይገኘው ነገር የፎቶ አንሺው የራሱ ካሜራ ነው። የኃላፊነት መድን በሌላ ሰው ላይ የደረሰን ጉዳት እንጂ በመድን ገቢው ንብረት ላይ የደረሰውን አይክስም። ብዙዎች እዚህ ላይ የቤት መድናቸውን ይተማመናሉ። መደበኛው የቤት ባለቤትና የተከራይ ውል ግን ለንግድ የሚያገለግል ዕቃን በጠባብ ጣሪያ ይገድባል፤ በሰፊው በሚሠራበት ቅጽ ቤት ውስጥ ላለው 2,500፣ ከቤት ውጭ ላለው 1,500 ዶላር ነው። አንድ ጥሩ ሌንስ ብቻውን ከዚህ ሊበልጥ ይችላል። ካሜራው በትርፍ ጊዜ የሚነካ ዕቃ ነው ብሎ ማስመዝገብ ደግሞ የባሰ መዘዝ አለው፤ ባለቤቱ በክፍያ እንደሚሠራ ከታወቀ ካሳው ሊከለከል ይችላል።

ለተንቀሳቃሽ የሥራ ዕቃ የሚሆነው በአሜሪካ ገበያ ኢንላንድ ማሪን የሚባለው ክፍል ነው። እዚህ ዋጋውን ብቻ አይቶ መፈረም ያስቆጫል። ውሉ የሚክሰው በእርጅና ተቀንሶ ነው ወይስ በአዲስ መግዣ ዋጋ? የአምስት ዓመት ካሜራ በመጀመሪያው መንገድ ከተካሰ የሚመለሰው ገንዘብ ምትኩን አይገዛም። ከተቆለፈና ሰው ከሌለበት መኪና የተሰረቀ ዕቃ ይሸፈናል ወይ? አንዳንዱ ውል ጭራሽ አይሸፍንም፤ አንዳንዱ በኃይል የመሰበር ምልክት ካልታየ አይከፍልም። የት እንደጠፋ የማይታወቅ ዕቃንም ብዙዎቹ አይቀበሉም።

የዕቃውን ዋጋ ዝቅ አድርጎ በማስመዝገብ አረቦን ለማዳን መሞከርም የታወቀ ወጥመድ ነው። በርካታ ውሎች ዕቃው ቢያንስ በዋጋው 80 በመቶ እንዲመዘገብ ይጠይቃሉ። የ20,000 ዶላር ዕቃ ያለው ሰው መመዝገብ የሚገባው በ16,000 ነው። በ10,000 ብቻ ካስመዘገበና የ4,000 ዶላር ዕቃ ከጠፋበት፣ ጠቅላላ ጣሪያው ገና ያልተነካ ቢሆንም የሚሰላለት 2,500 ዶላር ነው፤ ከዚያም ላይ ባለቤቱ ራሱ የሚሸፍነው ተቀናሽ ይነሳል። ጥቂት አሥር ዶላር ያዳነ መስሎት ከሺህ በላይ ያጣል።

አዲስ አበባ ሄዶ ሰርግ የሚያነሳ ባለሙያ ሌላም የሚያየው አለ። የተለመደው የኃላፊነት ውል ክልል በመሠረቱ አሜሪካ፣ ግዛቶቿና ካናዳ ነው፤ የብዙ ዕቃ ውሎችም እንዲሁ። ዓለም አቀፍ ሽፋን በተጨማሪ ክፍያ ይገኛል፤ ከጉዞው በፊት ግን በጽሑፍ መጨመር አለበት።

ሌላው ትልቅ ክፍተት የሥራው ጥራት ነው። ሜሞሪ ካርድ ቢበላሽ፣ ቀለበት ሲደረግ ፎቶው ቢያመልጥ፣ የኃላፊነት መድኑ ምንም አይልም፤ የተጎዳ አካልም የተሰበረ ንብረትም የለምና። በኒውዮርክ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2003 የተጋባ አንድ ሰው ፎቶ ቤቱ የሰርጉን የመጨረሻ 15 ደቂቃ አላነሳልኝም ብሎ በ2009 ከሷል። የከፈለው 4,100 ዶላር እንዲመለስለትና ሰርጉን እንደገና አዘጋጅቶ ለማስነሳት 48,000 ዶላር እንዲሰጠው ነበር የጠየቀው። ጥያቄው ቢያስቅም ክሱን መከላከል በራሱ ገንዘብ ይፈጃል። ለዚህ የሚሆነው የሙያ ኃላፊነት መድን ነው። የዚህ ዓይነቱ ውል አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ክሱ በቀረበበት ጊዜ ጸንቶ ከሆነ ነው፤ ሥራው በተሠራበት ጊዜ መኖሩ ብቻውን አይበቃም። ክሱ በስድስተኛው ዓመት ሲመጣ ውሉን አቋርጦ የቆየ ሰው ባዶ እጁን ነው።

ድሮን የሚያበር ሰው ደግሞ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2016 ጀምሮ የሚጠይቀውን ፈቃድ ቢይዝም፣ መደበኛው የኃላፊነት ውል ድሮንን ጨምሮ አውሮፕላንን ስለማይሸፍን ለድሮኑ ለብቻው መድን መግባት አለበት። ሁለተኛ ፎቶ አንሺ በቋሚነት የሚቀጥር የሠራተኛ ጉዳት ካሳ መድን ግዴታ ይመጣበታል፤ በሜሪላንድና በዲሲ አንድ ሠራተኛ ይበቃል፣ በቨርጂኒያ ከሁለት በላይ ሲሆኑ ነው።

ዋጋው የሚቀንሰው በዋናነት በመሰባሰብ ነው። ፕሮፌሽናል ፎቶግራፈርስ ኦፍ አሜሪካ የተባለው ማኅበር ብቁ ለሆኑ አባላቱ እስከ 15,000 ዶላር የሚደርስ የዕቃ ሽፋን ከአባልነቱ ጋር ሲሰጥ ቆይቷል። የአባልነቱን መዋጮ ለብቻ ከሚገዛ የዕቃ መድን ጋር ማወዳደር ያዋጣል። ኃላፊነትንና ንብረትን አንድ ላይ የሚይዘው የጥቅል ውልም ሁለቱን ለየብቻ ከመግዛት ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ተቀናሹን ከፍ ማድረግ አረቦኑን ይቀንሳል፤ 1,000 ዶላር ከኪሱ ማውጣት ለሚችል ጥሩ ነው፣ ለማይችል ግን ሽፋኑ ስም ብቻ ይሆናል።

የመድን ቁጥጥር እ.ኤ.አ. በ1945 በወጣው የማካራን ፈርገሰን ሕግ መሠረት በዋነኛነት ለግዛቶች የተተወ ስለሆነ፣ ወንዝ ተሻግሮ የሚኖር ባለሙያ ለተመሳሳይ ሥራ የተለየ ዋጋ ሊቀርብለት ይችላል። የብዙ ኩባንያዎችን ውል የሚሸጥ ነፃ ደላላ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ኩባንያውና ወኪሉ ፈቃድ እንዳላቸው በሜሪላንድ የመድን አስተዳደር፣ በቨርጂኒያ የኮርፖሬሽን ኮሚሽን የመድን ቢሮ፣ በዲሲ ደግሞ የመድን፣ የዋስትና ሰነዶችና የባንክ መምሪያ ዘንድ ይጣራል።

ውሉ ከተፈረመ በኋላ የሚቀረው ሰነድ ነው። የእያንዳንዱ ካሜራና ሌንስ ሴሪያል ቁጥር፣ ደረሰኝና ፎቶ ከዕቃው ጋር ሳይሆን ሌላ ቦታ ይቀመጣል፤ በዓመቱ መካከል የተገዛ አዲስ ሌንስም ዝርዝሩ ውስጥ ካልተጨመረ ላይሸፈን ይችላል። አረቦኑ በተገመተ የዓመት ገቢ የተሰላ ከሆነ ኩባንያው በዓመቱ መጨረሻ መዝገብ ሊያይ፣ ገቢው ከግምቱ በልጦ ከተገኘም ተጨማሪ ሊያስከፍል ይችላል።